ፕሪንተሩ አልታይ ያለ ቀን

ዘኪያዬ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። ሠርጉ እንዴት ነበር? ወራቤ ዘነበ? የአገር ቤት ቅቤ ያስታውቃል፣ ፊትሽ ወዝ በወዝ ሆኗል። እኔማ ደህና ነኝ። አንቺ ሱቁን ዘግተሽ በሄድሽበት ሳምንት ነው እንጂ ወረዳችን ጉድ የታየው። ጉድ ስልሽ… ተአምር ማለቴ ነው።

ጮክ አልኩ እንዴ? ይሁና። ካፌው በረንዳ ላይ ማኪያቶ የያዘ ሰው ቢሰማስ ምን አለበት? የማወራው ምስጋና ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ዱጉማ መጡ፤ እነዚያ ከክር ፋብሪካው በጡረታ የወጡት፣ ከዘራ የሚይዙት። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ውል የሚዋዋሉበት የመጨረሻ ቀን ነው። የጎደላቸው አንድ የነዋሪነት ማረጋገጫ ብቻ። እኔ ጸሐፊዋ ምን ሥራ አለኝ፣ ጽፌ ጨረስኩና አትም አልኩት። ኮምፒውተሩ "ፕሪንተር አልተገኘም" አለኝ። ፕሪንተሩ እኮ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግን በኔትወርክ ካልተገናኘን አያውቀኝም። ለማተም አንቺ ጋ እንዳልሮጥ ሱቅሽ ዝግ። የኮምፒውተር ባለሙያችንን ጠራሁ።

አንቱ የምላቸው በዕድሜ አይደለም፣ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳሉ። ግን የሦስት ወር ሥልጠና የወሰደን ሰው አንተ ማለት ይከብዳል… አይከብድም?

መጡ። ከወንበሬ አስነሡኝ። አጠፉት፣ አበሩት። የፕሪንተሩን ሶፍትዌር አወጡና እንደገና ጫኑ። ቫይረስ ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ ፕሪንተሩ ዕድሜው አልቋል አሉና የግዢ መጠየቂያ አስፈረሙኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሳቸው ጋ ግን እንቁላሉ መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባልም ሰምተዋል መሰለኝ… ሁሉን ጠረጠሩ፤ ከገዛ እጃቸው በቀር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አቶ ዱጉማ ከአግዳሚው አልተነሡም። ቁጣም አያውቁ፤ አንዴ ብቻ ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ማሽኑ የማያየው ወረቀቱን ነው ወይስ እኔን?" አሉኝ። አሥር ዓመት የጠበቁት ቤት ነው። እንባዬ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ዳሲቱን ታውቂያት የለ፣ ጽዳቷን? ወለሉን ልትወለውል ቁም ሳጥኑን ገፋ አደረገችና ቆም አለች። የኔትወርኩ ኬብሎች የሚሰኩባት ትንሽ ሳጥን ሁልጊዜ አረንጓዴ መብራት ነበራት፣ ዛሬ ለምን ጠፋባት ብላ ጠየቀች። ብናይ ከሶኬቱ ተነቅላለች። በቦታዋ የሞባይል ቻርጀር ተሰክቷል። የማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ እኔ የሰው ስም አላነሣም። ስልኩ ግን መቶ በመቶ ሞልቷል… ጥራት ያለው ሥራ። ወዲያው ሲጠራ ሮጦ ያነሣው ሰው እኔ አይደለሁም፤ ዳሲቱም አይደለችም፤ አቶ ዱጉማም አይደሉም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር… የእኛ ድር አንዲት ሶኬት ስትነቀልበት ወረዳ አሰረ።

ዳሲቱ መልሳ ሰካቻት። ፕሪንተሩ ከጠዋት ጀምሮ የጠየቅነውን አሥራ አንድ ቅጂ በአንድ ትንፋሽ ተፋው። ማኅተም አስመትቼ አቶ ዱጉማን እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውለው፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ደርሰው እንደፈረሙ ነገሩኝ።

ዓርብ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ሪፖርት ተነበበ። ችግሩ በባለሙያው ያላሰለሰ ክትትል ተፈቷል ይላል። አጨበጨብን። ዳሲቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነክ ነገር እንዳትነካ ተመከረች። ሳቀች፤ ምን ታድርግ?

አይ፣ እኔ ቂም የለኝም። ታታሪ ልጅ ናቸው፤ የነቀሉትን ራሳቸው ፈልገው እስኪያጡት ድረስ የሚደክም ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

በይ ይቺን ኮፒ አድርጊልኝ፣ ልሂድ። አንቺም አሜን በይ እንግዲህ… ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ትዳር ይያዙ፣ ይውለዱ፣ ይክበዱ። የጨነቀ ጉዳይ ይዘው ሰው ደጅ የሚቆሙበት ቀን ቢመጣም፣ አደራውን… ልክ እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ይግጠማቸው።