አባባ የተኳሉ ዕለት

ለዚህች ወሬ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ፤ ወላሂ አትቆጩበትም። ዋጃ ላይ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘሀራ፣ ለሰርጉ ኩል ልኳል ብላ አባታችንን ለመነች። "አይሆንም!" አሉ አባባ። "የተኳለች ልጅ ደርሻለሁ፣ ጠይቁኝ ማለቷ ነው። ነገ ሽማግሌ ደጄ ሲቆም ማን ይመልስልኛል? ገና ሰባተኛ ክፍል ናት።" ዘሀራ፣ "ትምህርቴን መች እተዋለሁ አልኩ?" ብላ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ካላስረዳሁ አይሆንልኝምና፣ ኩል የተፈጨ ድንጋይ እንደሆነ፣ ትርጉሙን የሰጠነው እኛው እንደሆንን ማብራራት ጀመርኩ። "አንተ፣ ይሄ የቀበሌ ስብሰባ መሰለህ?" አሉኝ።

"ኧረ አባባ፣ አንቱስ ለጁምዓ ይኳሉ የለም ወይ? ማን ሽማግሌ ላከብዎ?" ስላቸው እናታችን በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። አባባም ወደ እናታችን ዞረው፣ "በይ ኩሉን አምጪው" አሏት። መጀመሪያ እሳቸው ተኳሉ፤ ቀጥለው እኔን፣ ጡት የምትጠባዋን ሕፃን እህታችንን፣ በመጨረሻም ዘሀራን ኳሉ። ዋጃ፣ ዳሱ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን፣ ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አንድ ሰው ዘሀራን አየት አድርጎ አባባን፣ "አያ ሰይድ፣ ልጅቱ ደርሳለች መሰል፤ ተኩላ አየኋት" አላቸው። አባባ ሕፃኗን ከእናታችን ጭን አንስተው፣ "ይችም ተኳለች፤ እኔም ተኳልኩ። ማናችንን ነው የምትጠይቀው?" አሉት። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ፣ ሽማግሌም አልላከም። ሰኞ ዘሀራ ቆቦ ትምህርት ቤቷ ገባች፣ ኩሉ ገና ከዓይኗ ሳይለቅ። ሴት ልጅ ያላችሁ እስቲ ሞክሩት፤ ኩል ስትጠይቃችሁ በራሳችሁ ዓይን ጀምሩ።