አምስት ነጥብ ዜሮን ሰኞ አትጫኑት

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ለጡረታ መሸኛዬ ይህን አዳራሽ አስውባችሁ፣ ከበሽተኞቻችሁ ላይ ጊዜ ሰርቃችሁ ስለመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ አልናገርም፤ ደክሞኛል። ድካሙም የዛሬ አይደለም።

እኔ የኮምፒውተር ክፍሏ ሴትዮ ነኝ። ኮሪደር ላይ ስታገኙኝ ከሰላምታ በፊት «ቆመብን!» ነው የምትሉኝ። አልቀየምም። ሁሉ ደህና በሆነ ቀንማ ማን አስታውሶኝ!

ስለ በሽተኛ መዝገብ ፕሮግራማችን የቨርዥን ቁጥሮች ስንቴ አስረዳሁ? የመጀመሪያው ቁጥር ከተቀየረ ቤቱ ፈርሶ ተሠርቷል። መሃለኛው ከተቀየረ ክፍል ተጨምሮበታል። የመጨረሻው ከሆነ የሚያፈስ ጣሪያ ተደፍኗል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሒሳብ ኃላፊያችን ግን፣ ይኸው እየሳቁ ነው፣ አራት ነጥብ አስር ሲመጣ «ከአራት ነጥብ ዘጠኝ ያንሳል፤ አሮጌውን ልከውብናል» ብለው መለሱት። «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ከዘጠኝ ቀጥሎ አስር ነው» ብል ማን ሊሰማኝ!

እኛ ቤት አንድ ቨርዥን መረጋጋቱ የሚታወቀው በኮማንደር ነው። የሕፃናት ክፍል ዋና ነርሳችንን ማለቴ ነው። አዲስ ነገር ተጭኖ ሳምንቱን ሙሉ ካልደወለችልኝ «ተረጋግቷል» እንላለን። አራት ነጥብ ዜሮ የተጫነ ዕለት ጠዋቱኑ ደወለች።

«እህቴ፣ ይኼ ኮምፒውተርሽ አራሱ ልጅ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው ይለኛል። መድኃኒቱንም በዚያው ልክ አስልቶታል። እናትየው እኮ በአንድ እጇ ነው ያቀፈችው!»

ለካ ፕሮግራሙ ነጥቧን ውጧት ነው፤ ልጁ ሦስት ነጥብ ሁለት ነበር። ኮማንደር ባታይስ?

አሁን ደግሞ አምስት ነጥብ ዜሮ መጥቷል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ትናንት «ሰኞ እንጭነዋለን፤ ለእርስዎ መታሰቢያ ይሆናል» አሉኝ። ከቁጥሩ ኋላ «ቤታ» የምትል ቃል አለች። ሠሪዎቹ «ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ስህተቱን እናንተ ፈልጋችሁ ንገሩን» ማለታቸው ነው። ይህን ስነግርዎ «አምስት ከአራት አይበልጥም እንዴ?» አሉ። ይበልጣል ጌታዬ። የሚሞከረው በማን ልጅ ላይ ነው?

መታሰቢያው ይቅርብኝ። መጋዘን ባለው ትርፍ ኮምፒውተር ላይ፣ በሌሉ በሽተኞች ስም ሞክሩት። ሠሪዎቹ ቤታዋን ያንሷት፣ አንድ ሁለቴም ይጠግኑት፤ ያኔ ጫኑት። ልጄ በሚመጣው ወር እዚሁ ትወልዳለች። ፈርቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

ዳይሬክተራችን «እሺ፣ ይቆይ» አሉ! ሁላችሁም ሰማችሁ አይደል? ተመስገን።

በሉ እንግዲህ፤ እጃችሁ ይባረክ፣ ያከማችሁት ይዳን፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ሥራችሁ ሁሉ ይቃና። በሚመጣው ወር የልጄን ሻንጣ ይዤ፣ እንደማንኛዋም እናት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ነገር አልጠይቃችሁም። መጠየቅ እንዳያስፈልገኝ አድርጉኝ።