ለአንዲት ሟች ሁለት ሣጥን

ለአክስቴ ቀብር ሁለት የሬሳ ሣጥን መጣ። አንዱን ያዘዘው ልጇ ነው፤ ሌላውን ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ። ሁለቱም ለየብቻ መጥተው ባለቤቷን፣ ልብስ ሰፊውን ጋሼን፣ ጠይቀው ነበር። እሳቸውም ለሁለቱም «አንተ ታውቃለህ» ብለው መለሱ። በዚያች ሰዓት ስላሉት አልፈርድባቸውም። አክስቴ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ስትውል በዚያ ቤት ስለ ቀብር አንዲት ቃል አለመነሳቱ ግን ያናድደኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼን የቤታቸው ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ደረታቸው ላይ ታቅፈው ይወርዳሉ።

«ጋሼ፣ የስፌት ማሽኑ አይደለም እንዴ?»

«ነው። አንድ ነጋዴ ሊያየው ፈልጎ ነው።»

«ሊያየው ወይስ ሊገዛው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ሰውን ደረጃ ላይ አቁመሽ እንድትመረምሪ ነው?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለሁለተኛው ሣጥን መክፈል አለብኝ።»

«ማሽኑ ከተሸጠ በምን ሊሠሩ ነው? በጥርስዎ ሊሰፉ?»

የጥቅሉን አንድ ጫፍ ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው። ሁለተኛው ሣጥን ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የደንበኛ ኮት ተንጠልጥሎበታል።

«ለምን አልመለሱትም?»

«ለሙት የታዘዘ ዕቃ ይመለሳል? ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ በሣጥን ተከራከረባት ልባል?»

«አናጺውን ጠይቄዋለሁ። የማጓጓዣውን ብቻ አስከፍሎ ይወስደዋል። እሱም ሐዘን ቤት መጥቶ ሂሳቡን ለመጠየቅ አፍሮ ነው እስከ ዛሬ የተቀመጠው።»

ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እፎይ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

«ይሄስ ይሁን። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ‹ቀድመን ብናወራ ኖሮ› የምትይው ግን አይዋጥልኝም። ሕመምተኛ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሣጥን ማውራት ሟርት ነው!»

«የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ መቼ ነው የሚገዙት?»

«ትምህርት ሊከፈት ሦስት ወር ሲቀረው። ያኔ አማርጬ፣ ዋጋ ተከራክሬ እገዛለሁ። መጨረሻ ሳምንት ላይ የሮጠ የተረፈውን በተባለው ዋጋ ነው የሚያነሳው።»

«እኛስ መጨረሻው ሰዓት ላይ አይደል የሮጥነው? ቀብር አስፈጻሚው ‹መኪናው የቱ ይሁን?› ሲል አባቴ ‹ጥሩው›፤ ‹አበባውስ?› ሲል ‹ጥሩው›። ስንት ነው ያለ የለም፤ ያሳፍራላ!»

«ሚስትና ዩኒፎርም አንድ ነው?»

«አይደለም። ለዩኒፎርሙ ግን የተሻለ አስበንለታል።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ከረር ማለቱ ገባኝ። ጋሼ ግን አልተቆጡም። ቴፕ ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«አንድ ቀን ጀምራ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «‹እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ› ስትለኝ ‹አታሟርቺ› አልኳት። ዳግም አላነሳችውም። ልጄም የት እንቅበራት ሲለኝ...»

«አንተ ታውቃለህ አሉት።»

«አልኩት። አዲሱ መቃብር ወሰዳት። እሱ ምን ያውቃል? እኔ ነበርኩ የማውቀው።»

ማሽኑን ቦታው ላይ መልሼ አሰርኩላቸው። ጋሼ የደንበኛ ልክ የሚጽፉበትን ደብተር ስበው አዲስ ገጽ ገለጡ።

«እሺ፣ ለእኔስ ቀብር ምንድነው የሚጻፈው?» አሉኝ።

የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደማይፈልጉ፣ የሚወስነው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ በየወሩም ለዚሁ ብቻ ምን ያህል ለይተው ማስቀመጥ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ይህን ቀድሞ የተነጋገረ ቤተሰብ ዋጋ ለመጠየቅ አያፍርም፤ አንድን ነገር ሁለቴ አያዝም፤ ቋሚው የሚሠራበትን ዕቃ አይሸጥም። የሟችም ቃል ይጠበቃል፤ ለቅሶውም ለቅሶ ብቻ ይሆናል።

ጋሼ እየጻፉ ያነቡልኛል። «ሣጥን፣ ተራ ጣውላ። ቦታ፣ እሷ አጠገብ። ወሳኝ፣ ልጄ ብቻ። አባትሽ እንዳይገባበት፤ ‹ጥሩው› ይላል።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ገጹን ቀደዱና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ኮታቸውንም ደረቡ።

«ወዴት ነው?»

«አባትሽ ጋ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። እሱን ማን ጠይቆት ያውቃል? አንቺ ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅኩትም።

«ሟርተኛ ይልዎታል» አልኩ።

«ይበለኛ!» አሉና እኔን ከማሽኑና ከሣጥኑ ጋር ትተው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።