ሁሉን የሚችለው ኮምፒውተርና የጀልዴሳ ዕንቁላል

ከወር በፊት ከቀፊራ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የመጋላ ሰፈር ጎረቤታችን ሀጂ ዋይስ አንድ ካርቶን ዕንቁላል ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ዝም ልል ነበር፤ እሳቸው ግን ዝምታ አይወዱም።

«ሱሀይራ፣ ኢንጂነር ነሽ አሉ። የፊተኛው መቶ ዕንቁላል ለምን እንደተቀቀለ ንገሪኝ።»

ሀጂ ጫጩት የሚያስፈለፍሉት ሳጥን ውስጥ በአምፖል ሙቀት ነው። አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ደግሞ የሱቃቸው ኮምፒውተር ነው።

«ያኔ ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ ነበር?»

«የደንበኛዬን የዓምራንን የሠርግ ካርድ እያተመ። መሐል ላይ ደርቆ ቀረ።»

«አምፖሉስ?»

«እንደበራ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዕንቁላሉ የገጠሯ የጀልዴሳ ሴቶች ነው። ጫጩት ብዬ ተቀብዬ ቅቅል መለስኩላቸው። ይሄም ከተበላሸ ወላሂ በዚያ መንገድ አላልፍም።»

ትልቅ ሰው ማረም ያሳፍረኛል። ካርቶኑን አየሁና ደፈርኩ።

«ሙቀት ብቻ የሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ አለ፣ ሀጂ።»

«ሌላስ ምን ይችላል?»

«ምንም።»

«ካርድ አያትምም?»

«አያትምም።»

«ቁርኣንም አያሰማ?»

«አያሰማም።»

«አቦ፣ ሁሉን የሚያውቅ እያለኝ መሃይም ልቅጠር?»

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ጫማዬን እያየሁ፣ «ዘበኛዎ ካርድ ማተም ቢችል፣ በር እየጠበቀ እንዲያትም ያዙታል?» አልኩ።

«እሱ ካርድ ሲያይ ሌባ ይገባላ» አሉና ካርቶኑን ትክ ብለው አዩ። ሲጨነቁ እንጂ ሲያስቡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ጉድለትም አለው» አልኩ፤ ማታለል አልፈለግኩም። «ነገ በዚሁ ሳጥን ቲማቲም ላድርቅ ቢሉ ቺፑን ማስተማር አይቻልም፤ ሌላ መግዛት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ፕሮግራሙ ከተቀየረለት አዲስ ሥራ ይለምዳል። ለሚለዋወጥ ሥራ እሱ ይሻላል። የዶሮ ዕንቁላል የሚፈልገው ሙቀት ተለውጦ ያውቃል?»

«ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያው ነው።»

ባጃጁን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አስዞሩት።

በሃያ አንደኛው ቀን ሰማንያ ሦስት ጫጩት ወጣ። ጀልዴሳ ስናደርስ ሀጂ ከጫጩቶቹ ይልቅ ስለ ቺፑ ያወራሉ፤ ርካሽ ነው፣ መብራት አይበላም፣ ሥራውን ጥሎ ካርድ አያትምም። ከባለ ዕንቁላሎቹ አንዷ፣ ሰገል፣ ጫጩቶቿን እየቆጠረች ጠየቀች።

«ይሄ ሁሉ የሚወራለት፣ ኢንተርኔትስ ይከፍታል?»

«ኢንተርኔት የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅ» አሉ ሀጂ ኮራ ብለው። «አለማወቁ ነው የጠቀመን።»