ላስቲክ የለበሰው ዲስክ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አንድ ቢሮ ዕቃ ተሸክሜ ገባሁ። የቢሮው የኮምፒውተር ኢንጂነር «ጀለሴ፣ አዲሱን ዲስክ እዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ቦታው ውስጥ ሰካልኝ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ላዩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ከሌሎቹ ዲስኮች ጋር ያገናኘዋል» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁለት ዲስኮች ላስቲክ የለበሰውን ገልጬ ሰካሁ፤ እሱም ፕሮግራሙን አስነሳው። ዞር ብሎ ላስቲኩን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንተ! ይሄ አሮጌው ነው! የቢሮው ሰነድ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው!»

«ላስቲክ ነበረው እኮ...»

«እናንተ ቤት ሶፋው ላስቲክ ስላለው አዲስ ነው?»

ላውጣው ብዬ እጄን ስሰድ «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። እንግሊዝኛ ስለማልችል የሱን ፊት አየሁ።

«ምን ይላል?»

«ዲስኩ ባዶ አይደለም፣ ሳይፈቀድልኝ አላጠፋውም ይላል።»

ይሄን ብሎ እፎይ እያለ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ላስቲኩ አሁንም እጄ ላይ ይንኮሻኮሻል።