«ምክንያት» በሚለው ዓምድ

እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት? ልጆች ደህና? ያ የወገብሽ ነገርስ ተሻለሽ? ውይ፣ ይቺ አበባ ደግሞ እንዴት አምሮባታል! ውኃ የሚያጠጣት ያላት ነገር ያስቀናል እኮ... አይ፣ አትነሺ፣ በሩንም አትዝጊው፣ አየር ይግባልን። ውስጥ ቢሮ ላሉትም ይግባላቸው፣ ምን አለበት? እኔ እንደሆንኩ የምደብቀው ወሬ የለኝም። ይቺን ቅጽ ላስረክብሽ ነው የመጣሁት፤ ደወል እስኪደወል ካንቺ ከጸሐፊያችን ጋር ትንሽ ልጫወት።

አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ። የት ነው የሚሠሩት ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ሐሜት አልወድም። ግን እንደሳቸው በሰው የሚያምን አላየሁም። «አስተማሪ ምን ይሳነዋል?» ነው የሚሉት። እውነት አይደለም እንዴ? እኔን እይኝ እስቲ፣ ስንት ሙያ በአንድ ደሞዝ! ሰኞ በር ላይ ቆሜ አርፋጅ እለቅማለሁ። ማክሰኞ ወንበር እቆጥራለሁ፤ እግር ያለውን ለብቻ፣ የሌለውን ለብቻ። ረቡዕ ቃለ ጉባኤ። ሐሙስ ለክትባት የልጆች ክንድ እይዛለሁ፤ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔም አብሬ... እነሱስ በመርፌው ነው። ባለፈው እሑድ ቤታችን እንግዳ ቢመጣ በር ላይ አቁሜ «ለምን አረፈድክ?» አልኩት። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው! እስካሁን ተኮራርፈናል።

ማስተማር? እሱማ... ጊዜ ሲተርፍ። ሁሉ በአንዴ ይሆናል?

ደግሞ እኔ ስወጣ ልጆቼ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡ እንዳይመስልሽ። የክፍል አለቃዋ ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም ስትጽፍ ትውላለች። አንዲት ገጽ ሳትሳሳት አታነብልሽም፣ ስም ዝርዝር ግን ታወጣለች፣ ከሥር ታሰምራለች፣ ትፈርማለች። መቼም ልጅ ከአስተማሪው ያየውን ነው።

እና እኚህ ደግ ሰው ባለፈው ሳምንት ከትምህርት የቀሩ ሕፃናት አሳዘኗቸው። አንጀታቸው አይችልማ! ማን ቤት ለቤት ሄዶ ይመዝግባቸው? እኔው። ሃምሳ ስምንት ልጅ ክፍል ውስጥ ትቼ፣ ያልመጣ ልጅ ፍለጋ በየደጁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? እኔማ የራሴን የት እንደጣድኩትም ረስቼዋለሁ።

አራተኛው ቤት አንኳኳሁ። አንዲት ልጅ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ከፈተችልኝ። ቅጼን ዘረጋሁ። ዕድሜ? ዘጠኝ። ክፍል? ሦስተኛ። ያቋረጠችበት ምክንያት? እናቷ ከጓዳ ሆና «አስተማሪዋ አትገባማ!» አለችኝ። «እዚያ ቁጭ ብላ ከምትመጣ፣ እዚሁ ቁጭ ብላ ወንድሟን ትጠብቅልኝ።» ኧረ እኔ እንዴት ተንጨረጨርኩ! «ምን ዓይነት ኅሊና ቢስ ናት?» አልኩ። «ስሟን ብቻ ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማስቀጣት!» ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና በትሕትና፣ እንዳይከፋኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ ድምጿን ቀነስ አድርጋ... «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ነዎት» አለችኝ።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ወንበሩንማ አወቅሁት፤ እግር ካላቸው ውስጥ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ምን ልበል? «ምክንያት» በሚለው ዓምድ «መምህርቷ ክፍል አትገባም» ብዬ ጻፍኩ፤ «የመምህርቷ ስም» በሚለው የገዛ ስሜን። በእስክሪብቶ። ከዚያ እናትየዋን ለመንኳት፤ ረቡዕ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ልጅሽ ክፍል ውስጥ ካጣችኝ፣ ዳግመኛ ደጅሽን አልረግጥም አልኳት። «አንድ ቀን እሞክርሻለሁ» አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ... የአገልግሎቴን ማለቴ ነው፣ እንዳትስቂ... እንደገና የሙከራ ቅጥር!

እኚህ የምልሽ ሰው ታዲያ ቅጹን አዩት። ይቆጣሉ ብለሽ ነው? አይቆጡም። «ለራስሽ ብዬ ነው፣ በቤተሰብ ችግር በሚለው አስተካክለሽ አምጪው፤ ስምሽን ለምን ታጠፊያለሽ?» አሉኝ። ለኔ ስም እንዲህ ሲጨነቁ፣ የሳቸው ስም እዚያው ከሥር «ያጸደቀው» በሚለው ላይ መኖሩ ትዝም አላላቸውም! እንዲህ ራሱን የረሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

አልዋሽሽም፣ ፈሪ ነኝ። ነጩን ማጥፊያ ተውሼ ነበር፤ ክዳኑን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ግን አስቢው፤ የቤተሰብ ችግር ካልኩ እናትየዋን የሚመክር ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴውስ ማነው? እኔ! መቼ ነው የሚሄደው? በክፍለ ጊዜዬ! ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ እኔ እናቷ ቤት ልጅሽን ላኪ እያልኩ ልገኝ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ይኸው፣ ሁለታችንም ተያይዘን መጥተናል። እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። እዚህ ጋ ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚልኝ... እሰይ። የሚቀጡኝም ከሆነ ይቅጡኛ፤ ለቅጣት የሚሆን ትርፍ ጊዜ ካገኙልኝ።

ደወሉ! ልጅቷ መጥታለች አልኩሽ? ቅድም በመስኮት አየኋት። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም... ልትሄድ ተዘጋጅታ ነው የተቀመጠችው። እኔም ዛሬ ከዚያ ክፍል አልወጣም። የረፋዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዘዋል? እንጃ... ማጽደቅ የለመደ እጅ መጻፍ ያቅተዋል እንዴ?

እኚያን ሰው ካገኘሻቸው ሰላም በይልኝ። ቅያሜ የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው፣ የልጅ ልጅ እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ለማድረስ ያድርሳቸው... በሩ ላይም፣ ለፍተው ደክመው ያሠለጠኗት፣ ልክ እንደኔ ያለች አስተማሪ ትቀበላቸው። አሜን በይ እንጂ!