«መጣሁ» ያለ ሁሉ አልመጣም

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ርዕሰ መምህርም፣

በዚህ በጭንቅ ዓመት ጠላና ዳቦ አሰናድታችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። መዘርዘር አመሌ ነውና ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። አላበዛም፤ ደክሞኛል።

አንደኛ፣ እንግሊዝኛው። እዚህ ላሊበላ አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር ያልተገፋልኝ የሁለቱ የትንቢት ጊዜ ልዩነት ነው። «ዊል ጎ» እሄዳለሁ ነው፤ በቃ። «ዊል ሃቭ ጎን» ግን ቀጠሮ አለበት፦ ያ ቀን ሲደርስ ሄጄ ጨርሻለሁ፣ አታገኙኝም።

የአማርኛው መምህራችን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ምን ነበር ያሉኝ? «ወንድሜ፣ እኛ በአንድ "እሄዳለሁ" ስንቱን እንችል የለ? ፈረንጅ ምን አስጨነቀው?»

«እርስዎስ» አልኳቸው፣ «ቤትዎ ተቀምጠው "መጣሁ" ብለው የሚደርሱት ሁለተኛው ደወል ሲያበቃ አይደል?»

ይኸው ዛሬም አርፍደው ነው የገቡት!

ሁለተኛ፣ ልጄ አረጋ። እዚሁ ነው የተማረ፤ ታውቁታላችሁ። ብሔራዊ ውትድርና ከገባ በመጪው ሐምሌ ሠላሳ ወሩ ይሞላል። «በነሐሴ እመጣለሁ» ብሎ ጻፈ። «ቤታችን ቁጭ ብለን እንጠብቅሃለን» ብዬ መለስኩ። ደብዳቤው በሄደ በሳምንቱ ወደ ፍላቂት ትምህርት ቤት መዛወሬ ደረሰኝ። ሌላ ጻፍኩ፣ ደገምኩ። መልስ የለም። ጦሩ ቦታ ለውጧል አሉኝ።

እንግዲህ እሱ ሲመጣ እኔ ሄጄ ጨርሻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ያጣሁትን ምሳሌ አሁን አገኘሁት። ማን ይሙት፣ ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ አደራ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ በዚህ አገር የተዘጋ በር ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ልጄ በሩን ሳያይ ይነገረው። እትዬ ዘነቡ፣ የትምህርት ቤቱን በር የሚጠብቁ እርስዎ ነዎት፤ መኪናውም እዚያው ነው የሚቆም፤ ከመኪና ሲወርድ ይጥሩት። መጀመሪያ «አባትህም እናትህም ደህና ናቸው» ይበሉት። ቀጥሎ «ፍላቂት ናቸው»። ተራውን እንዳያዛንፉብኝ።

ትናንት ለእትዬ ዘነቡ ይህንኑ ስነግራቸው «አረማመዱ መች ይጠፋኛል? እንዳንተው እርምጃውን እየቆጠረ ነው የሚሄድ» አሉኝ።

ባይመጣስ? እሱን ዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁትም።

የላካችሁት ሁሉ በእግሩ ይመለስላችሁ። ደጃችሁ ሰው አይጣ። ያስተማራችሁት ልጅ ይጡራችሁ። መሪጌታ፣ እርስዎንም ሰዓት ያስከብርዎ።

በሉ እንግዲህ፣ ሄድኩ። ገና እንደቆምኩ አውቃለሁ፤ አማርኛው ይፈቅዳል።